የሸምሳ ፍሪጅ ሐኪም

ሁሉን አዋቂ ጎረቤት የሌለበት ከተማ ገና አልተቆረቆረም። ለነገሌ ቦረና የደረሷት ጡረተኛው የቴሌግራፍ ሠራተኛ፣ ክቡር አቶ ሸዋንግዛው ነበሩ። የፍሪጅ ሐኪምነቱን የሾማቸው ግን ማንም አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው ነጭ ጋዝ ከከተማው ጠፍቶ በሰነበተ ጊዜ ነው። የባለሱቋ የሸምሳ ፍሪጅ በጋዝ የሚሠራ ነበርና ቆመ፤ ውስጡ የተረሳው የግመል ሥጋም ሸተተ። ጋዙ ሲገኝ ሥጋው ተጣለ፣ ፍሪጁም ታጠበ፤ ሽታው ግን አልወጣም። ሐሙስ ደግሞ ልጇን ራሕማን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ከአሬሮ ይመጣሉ። ቀዝቃዛ ወተት እንደምታቀርብላቸው ሸምሳ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች፤ ይህን የሰሙት አቶ ሸዋንግዛውም ሳይጠሩ ደረሱ።

«ጋሼ፣ አይድከሙ፤ እኔው ደግሜ አጥበዋለሁ።»

«ሽታ በውሃ አይለቅም። ይህ ሳይንስ ነው።»

ሰኞ ዕለት ሎሚ ቆራርጠው አስገቡ። ማክሰኞ፣ ደካማውን ሽታ ብርቱው ያባርረዋል ብለው፣ ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው ጨመሩ።

«ጋሼ፣ አሁን እኮ ሦስት ሆኑ።»

«ሲበዙ እርስ በርስ ይጣላሉ።»

ረቡዕ ጠዋት፣ ወተት ሻጯ በድሪያ ዕቃዋን በወይራ ፍም ስታጥን አዩና ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ከዚያ ፍም በገል ይዘው ከተፍ አሉ።

«ፍሪጅ ማለት በር ያለው የወተት ዕቃ ነው» ብለው ጋዙን አጠፉ፤ ገሉን አስገብተው በሩን ዘጉ። ጭሱን ያየ ጎረቤት ባልዲ ይዞ ሲሮጥ፣ «ተመለሱ፤ ሕክምና ላይ ነን» አሉ። የፍሪጁ ነጭ ሆድ እንደ ዳማ ፈረስ ጠየመ። ሸምሳ ጋዙን መልሳ ለኩሳ ወተቱን ያስገባችው ሌላ መላ ስላልነበራት ብቻ ነው።

ሐሙስ ዋናው ሽማግሌ ኦቦ ጃታኒ አንድ ጊዜ ተጎነጩና ቆም አሉ። ሸምሳ ወለሉን አየች።

«ይህን ዕቃ ማን አጠነው?»

«ምነው አባቴ?»

«የከተማ ሰው ማጠን ረስቷል ብዬ ነበር።»

ሸምሳ ወደ ፍሪጁ ጠቆመች። ኦቦ ጃታኒ ተነሥተው በሩን ከፈቱ፣ ጭንቅላታቸውን አስገብተው ረጅም ጊዜ አሸተቱ። ከዚያው ከውስጥ ሆነው፣ «ከዚህ ቤት ልጅ እንወስዳለን» አሉ።

ክቡር ሐኪሙ ከጥግ ሆነው፣ «ሳይንስ ነው» ሲሉ በሹክሹክታ አከሉ።

ራሕማ አሬሮ ገባች። ፍሪጁ ስለዳነ ሐኪሙም መመላለሳቸውን ተዉ፤ ሱቁም ጭር አለ። በሦስተኛው ሳምንት ሸምሳ አንድ ቁራጭ ሥጋ ፍሪጁ ውስጥ አኖረችና ጋዙን አጠፋች። በአራተኛው ቀን ከፍታ አሸተተች፤ ፊቷም ፈካ። ወደ አጥሩ ሄዳ ተጣራች።

«ጋሼ ሸዋንግዛው፣ ኧረ ይድረሱልኝ፤ ያ ነገር ተመለሰ።»

እርሳቸውም ወዲያው ፍም የሞላ ገል ይዘው ብቅ አሉ። ከመቼ ጀምሮ ሲያነዱት እንደ ቆዩ እርሳቸው ያውቃሉ።