ሚስተር ኩሪያን የናፈቃቸው ፓርቲ

ይህን ጉድ ለልጆቼም ነግሬያቸው አላውቅም። ዛሬ ፖስት ላድርገውና ይውጣልኝ!

ዘመኑ ደርግ ነው። ባሕር ዳር፣ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ነበርሁ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ስብሰባው በአማርኛ። እኔ ደግሞ የዳንግላ ልጅ፣ አፌን የፈታሁት በአገውኛ!

ግን “እንግሊዝኛ አዋቂ” የሚል ስም ወጥቶልኛል። ለምን? ኖቱን ሳይገባኝ ከነነጠላ ሰረዙ ስለምሸመድደው!

አንድ ቀን አዳራሽ ተሰበሰብን። መምህራን ስለ ኑሯቸው ይናገሩ ተባለ። ሕንዳዊው የፊዚክስ መምህራችን ሚስተር ኩሪያን ተራ ሲደርስ፣ ስብሰባውን የሚመራው ካድሬ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

“አንተ! ተርጉም!”

ሳልወድ በግድ ወደ ፊት ወጣሁ።

ሚስተር ኩሪያን ተነሡና “አይ ሚስድ ዘ ፓርቲ” አሉ።

ሚስ ማለት መናፈቅ አይደል? ለሴት በምንጽፈው ደብዳቤ እንደዚያ ነበር! “ፓርቲው ናፍቆኛል” ብዬ ተረጎምሁ።

ጭብጨባ! የደርጉ ፓርቲ እኮ ገና አልተመሠረተም፤ ሊመሠረት ሽር ጉድ የሚባልበት ሰሞን ነው።

ካድሬው ፊቱ በራ። “ለምን እንደናፈቃቸው ጠይቃቸው!”

ጠየቅሁ። መልሱን ስሰማ ስሕተቴ ገባኝ። ለካ የሚያወሩት ለአዳዲስ መምህራን ስለተደረገው ግብዣ ነው! ወባ ይዟቸው ቀርተዋል። ምግቡ ግሩም ነበር ሲባል ሰምተዋል።

ምን ልበል? ተሳስቻለሁ ብል “በፓርቲው ቀለድህ” ልባል ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ቀልድ የት እንደሚያደርስ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

“ፓርቲው ለሰፊው ሕዝብ ምግብ ነው ይላሉ!” አልሁ።

አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ሚስተር ኩሪያንም አብረው!

ስንወጣ በእጃቸው ጠሩኝ። ሐይቁ ዳር ድረስ ይዘውኝ ሄዱ። እኔ በልቤ ተባርሬ ዳንግላ ገብቻለሁ።

ግራ ቀኙን አዩና በጠራ የጎጃም አማርኛ፣ “ልጄ፣ አመለጠኝ እንጂ ናፈቀኝ አላልሁም። የቆጨኝ ዶሮ ወጡ ነው” አሉኝ።

ክው!

“መምህር፣ ታዲያ ለምን አላረሙኝም?”

“ባርምህ ኖሮ ዛሬ የት ታድር ነበር? ደግሞ አማርኛ መቻሌ ከታወቀ በየስብሰባው ሊያናግሩኝ ነው።”

ትንሽ ነፍስ ስዘራ ደፈርሁ። “እንዲህ ከቻሉ ክፍል ውስጥ በአማርኛ ለምን አያስረዱንም?”

“የተቀጠርሁት በእንግሊዝኛ ላስተምር ነው። ደንብ ነው።” ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። “ምኑ ነው ያልገባህ?”

“ሁሉም!”

ሳቁ። ጠጠር እየወረወሩ ስለ ሞገድ አስረዱኝ። ዓመት ሙሉ ያልገባኝ በሩብ ሰዓት ገባኝ! ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ አምስት ስድስት ሆነን ከእሳቸው ጋር “ሽርሽር” እንሄድ ነበር። ሁላችንም አለፍን።

እኔም የፊዚክስ መምህር ሆንሁ።

ጡረታ ልወጣ ሰሞን አንዲት ተማሪዬ እጇን አውጥታ፣ በአማርኛ፣ “ቲቸር፣ እዚህ ጋ አልገባኝም” አለችኝ።

“ኢንግሊሽ ፕሊስ!” አልኋት። ደንብ ነዋ!

አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ደግማም አልጠየቀችኝ።

እስቲ ኮሜንት ላይ ፍረዱኝ፤ ከሁለቱ በየትኛው ልፈር፤ በያኔው ትርጉሜ ወይስ ለልጅቷ በሰጠሁት መልስ?