ባለ እርሳሱ የቀለበቱን መስመር እንዳዞረ፣ ወንበርም እንዳሻገረ

መንገደኛን ሁሉ ከቤቱ አውጥቶ ወደ ቤቱ በሚመልስ አምላክ ስም፤ የትራንስፖርት ቢሮው ጣሪያ ማፍሰሱን በተወ በሁለተኛው ዓመት፣ ሊፍቱ ግን ገና ባልተጠገነበት ዘመን፣ ዝናሙ አባርቶ አቧራው ባልጀመረበት ወር፣ በዕለተ ሰኑይ፣ የስምሪትና የዕቅድ ክፍል ሹም፣ የካርታዎች ጠባቂ፣ የላጲስ ጌታ፣ እርሳሱን ከጆሮው ስለማይለይ ሕዝቡ ባለ እርሳሱ ብሎ የሚጠራው ሰው የሠራውን ታላቅ ሥራ እንጽፋለን።

በውእቱ መዋዕል ከተማይቱንና በዙሪያዋ ያሉትን መንደሮች የሚያያይዝ አንድ የአውቶቡስ መስመር ነበረ፤ ስሙም ቀለበቱ ይባላል። አውቶቡሶቹ ከወፍጮ ሰፈር ተነሥተው ሆስፒታሉ ዘንድ ይደርሳሉ፤ ከዚያም መናኸሪያውን፣ ገበያውን፣ ድልድዩን፣ ጡብ ፋብሪካውንና የገጠር መንደሮቹን አዳርሰው፣ ያን ሁሉ አገር ዞረው፣ ተመልሰው ወፍጮ ሰፈር ይገባሉ። አዟዟራቸውም ጠዋትም ማታም በአንድ ወገን ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ ለጠየቀ መልሱ፣ ድሮም እንዲሁ ነበር፣ የሚል ነው፤ በዚያ ቢሮ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ መልስ አልነበረም።

ለባለ እርሳሱም አክስት ነበሩት። እናቱ ካረፈች ጀምሮ ያሳደጉት፣ በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ከአንሶላ ባሕር ጋር ሲታገሉ የኖሩ፣ ስለዚህም በሽተኛው ሁሉ እማማ አንሶላ የሚላቸው ሴት ነበሩ። ቤታቸው ወፍጮ ሰፈር ነውና ጠዋት ወደ ሥራ አንድ ፌርማታ ሄደው ይወርዳሉ። ከሥራ ሲመለሱ ግን ያቺው አንዲት ፌርማታ አገር ሙሉ መዞር ሆነችባቸው፤ በእግር እንዳይሄዱ ዳገቱ ከጉልበታቸው ጋር ከተኳረፈ ቆይቷል። እናም ቀኑን ሙሉ ቆመው ውለው፣ የማያውቁትን ሰው መንደር ሁሉ ጎብኝተው፣ ቤታቸው የሚገቡት ሲጨልም ነበር። አላማረሩም። አለማማረራቸው ግን ባለ እርሳሱን ከስሞታ ይልቅ ከበደው።

ወእምዝ ባለ እርሳሱ በቢሮው ሹማምንት ፊት ካርታውን በትልቁ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ፤ ጫፎቹም እንዳይጠቀለሉ የሻይ ብርጭቆና የሂሳብ ክፍሉን ማኅተም ጭኖባቸው፣ አውቶቡሶቹ ጠዋት እንደ ጥንቱ፣ ከቀትር በኋላ ግን በተቃራኒው እንዲዞሩ፣ ሰው ሁሉ በመጣበት እንዲመለስ፣ እያስረዳ መከረ። የሂሳብ ሹሟ ማኅተሟን እያየች አንገቷን በእምቢታ ነቀነቀች። የጎማ ክፍሉ አለቃ ግን፣ በአንድ ወገን ሲበላ የኖረ ጎማ ዕረፍት ያገኛል ብሎ ስለ ጎማዎቹ ሲል ደገፈ። የቢሮው ኃላፊም ከወንበራቸው ሳይነሡ እንዲህ ሲሉ አወጁ፤ «እሺ፣ ሞክረው። ግን ሰኞ ከሰዓት አውቶቡሶቼ ባዷቸውን ሲዞሩ ከዋሉ፣ ማክሰኞ እንደ ድሮው ነው። ከዚያ በኋላ ይህን ነገር ያነሣብኝ ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም፤ ነግሬያለሁ።»

ማስታወቂያው በየፌርማታው ተለጠፈ፤ ሬዲዮኑም ተናገረ፤ የአውቶቡስ ረዳቶቹም ጉሮሯቸው እስኪዘጋ ጮኹ። ባለ እርሳሱ በአክስቱ ማዕድ ቤት ተቀምጦ በዳቦ መጠቅለያ ላይ ሳይቀር ሥሎ አሳያቸው፤ እሳቸውም፣ «ገባኝ እኮ፤ ማዶ ነው የምቆመው። ሕፃን አደረግኸኝ እንዴ?» የሚል አዋጅ አወጡበት።

ወኮነ በዕለተ ሰኑይ፣ ሰኞ ቀትር ካለፈ በኋላ፣ ከሆስፒታሉ በር ሕዝብ ወጣ። ማስታወቂያውን ያላነበበ አልነበረም፤ ዳሩ ግን ራስ ያነበበውን እግር አላነበበም። በአሮጌው ፌርማታ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ ከመቀመጥ ብዛት እንደ መስተዋት ያበራ ረጅም የእንጨት ወንበር አለና፣ እግር ሁሉ እንደ ልማዱ ወደዚያ ሄደ። በማዶ ግን በፀሐይ መካከል የአዲሱን ፌርማታ ምልክት የያዘ አንድ ብረት ቆሟል፤ በብረቱም ሥር ባለ እርሳሱ ብቻውን ቆሟል።

የመጀመሪያው አውቶቡስ ጢሞ በሚባል ሾፌር እየተነዳ በማዶ መጣ፤ ቆመ፤ በሩን ከፈተ፤ ማንም አልገባም። ከወዲህ ያለው ሕዝብ እጁን እያወዛወዘ፣ እያፏጨ፣ ምነው ጥሎን ሄደ እያለ ጢሞን ወቀሰ፤ በመካከላቸውም የመኪና ወንዝ ይፈስ ነበር። ሕጉ መጠበቅን አይፈቅድምና ጢሞ ባዶውን ሄደ። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። የባለ እርሳሱም ልብ እንደ ተነፈሰ ጎማ ተቀመጠ፤ የዛሬው ቀን እንዲሁ ከመሸ አክስቱ ዕድሜ ልካቸውን ሲዞሩ ሊኖሩ ነውና። በዚህ ጊዜ ከወንበሩ መካከል የአንዲት ሴት ድምፅ ወንዙን ተሻግሮ መጣ፤ «አንተ ልጅ፣ እዚያ ፀሐይ ላይ ምን ገትሮህ ነው? ና እዚህ ተቀመጥ፣ ቦታ ይዤልሃለሁ።» አክስቱ ነበሩ።

ያን ጊዜ ዓይኑ ተከፈተ። ሰው አውቶቡስ የሚጠብቀው ምልክት ባለበት ሳይሆን መቀመጫ ባለበት እንደሆነ ተገለጠለት። ያን የመኪና ወንዝ ክፍተት ባገኘ ቁጥር እየዘለለ ተሻግሮ፣ «ወገኖቼ፣ አውቶቡሱ በማዶ ነው የሚመጣው፤ እባካችሁ እንሻገር» ብሎ አወጀ። አንድ ልብስ ሰፊም ስለ ሕዝቡ ሁሉ ሆኖ፣ «ይምጣና እንሻገራለን፤ ሳይመጣ ምን አስቸኮለን?» ሲል መልስ አወጀ፤ ሕዝቡም ልብስ ሰፊውን አመሰገነ። ባለ እርሳሱ ግን የወንበሩን ጫፍ ያዘ። ሊወስደው እንደሆነ ባዩ ጊዜ ሁሉም ተነሡ፤ አክስቱ ብቻ አልተነሡም። እንዲህም አሉ፤ «ጉልበቴ አንዴ ከተቀመጠ አውቶቡስ ካልሆነ ማንም አያስነሣውም። ከወሰዳችሁት ከነእኔ ውሰዱት።»

ወንበሩን የተሸከሙት እነዚህ ናቸው፤ በፊት ቀኝ፣ በሥራ ሰዓት በሩን ለቆ የማያውቀው የሆስፒታሉ ዘበኛ፤ በፊት ግራ፣ የሰው ሱሪ በትከሻው የጣለ ልብስ ሰፊው፤ በኋላ ቀኝ፣ እንሰራ የሚያህል ጡንቻ ያላት የሆስፒታሉ ወጥ ሠሪ፤ በኋላ ግራ፣ ባለ እርሳሱ ራሱ። የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፤ በጠዋቱ ከአልጋ የተሰናበተና ከባድ ነገር እንዳያነሣ በሐኪም የተከለከለ፣ ስለዚህም የእማማ አንሶላ ዘንቢል ብቻ በአደራ የተሰጠው ሽማግሌ፤ እግሩ በጄሶ የታሰረ ጎልማሳ ከነምርኩዙ፤ ባለ ፔርሙስ ሴቶች፤ ተማሪዎች፤ የሚሄዱበት ሌላ ሆኖ ሳለ ነገሩን ለማየት የተቀላቀሉም ብዙ ናቸው።

አንድ ትራፊክ ፖሊስም በመንገዱ መካከል ቆሞ ሲሚንቶ የጫነ መኪና በአንድ እጁ ገታ፤ ሾፌሩ ጥሩምባ ቢነፋበትም፣ «ቁም። ሰው ሲከበር አይተህ አታውቅም? ሞተርህን አጥፋና ተመልከት» ብሎ አወጀበት። የመኪናው ወንዝ ወዲያና ወዲህ ጸጥ አለ። እማማ አንሶላም ሻሻቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን በጭናቸው ላይ አጣምረው፣ «ቀስ፣ ቀስ፤ በቀኝ ያላችሁ ዝቅ ብላችኋል» እያሉ ጦሩን እየመሩ ተሻገሩ። የቀረውም ሕዝብ መቀመጫው ሲሄድ አይቶ፣ ማንም ሳያዘው ተከተለ።

ሦስተኛው አውቶቡስ በመጣ ጊዜ በር ላይ መተንፈሻ እስኪጠፋ ሞላ። ጥቂትም ሳይሄድ ረዳቱ፣ «ወፍጮ ሰፈር፤ እማማ፣ ይውረዱ እንጂ» ብሎ አወጀ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ተወኝ ልጄ፣ አትቀልድብኝ። ገና መቀመጤ ነው፤ ገበያውም፣ ድልድዩም፣ ጡብ ፋብሪካውም ይቀረናል» አሉ። ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ጠቆመላቸው። ዓይናቸውን ገልጠው በዱቄት የነጣውን የወፍጮ ቤት ግድግዳ አዩ፤ ጉልበታቸውንም ደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ። ሾፌሩም ሕጉን ረስቶ ጠበቃቸው።

ኃላፊውም ወሬውን በስልክ ሰምተው የመጨረሻውን አዋጅ አወጡ፤ «ከሰዓት በተቃራኒው መዞሩ ይቀጥል። ግን ነገም ሰው ከነወንበሩ ተሸክማችሁ መንገድ ዘጋችሁ ሲሉኝ እንዳልሰማ፤ ለማዶውም አንድ ወንበር ይሠራ።»

እማማ አንሶላ ከቤታቸው ሲደርሱ ፀሐይ ደጃፋቸው ላይ ነበረች። በጨለማ እየዳበሱ የሚፈልጓትን የቁልፍ ቀዳዳ በዓይናቸው አዩዋት። ጎረቤታቸው እሳቸውን በዚህ ሰዓት በማየቷ ደንግጣ፣ አመመዎት ወይ ስትል፣ እሳቸው ለሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው፣ «ኧረ ደኅና ነኝ። ልጄ መንገዱን አዙሮልኝ ነው» አሉ።

እነሆ ባለ እርሳሱ፣ ቀለበት አዟሪ፣ ወንበር አሻጋሪ፣ የመኪና ወንዝ ከፋይ፣ የደከመ ጉልበት ጠበቃ ተብሎ ይመስገን፤ መስመሩ አይዛነፍ፣ እርሳሱም አይለቅ። ይህ ሁሉ ማዕረግ ተደርድሮ ሲያበቃ ግን፣ ዘበአማን፣ አክስቱ በደጃፋቸው ቆመው «ልጄ» ብለው ከሰጡት ስም የሚበልጥ አልተገኘም።