የጋሽ ታረቀኝ ጭስ ቀብር

በየሰፈሩ፣ ሬዲዮ የሚናገረው ለእሱ ብቻ የሚመስለው አንድ ሰው አይጠፋም። እዚህ ደብረ ማርቆስ ለኛ ሰፈር የደረሱን ጡረተኛው የግሬደር ኦፕሬተር፣ ክቡርነታቸው ጋሽ ታረቀኝ ናቸው።

በ2002 ዓ.ም. አይስላንድ ውስጥ እሳተ ገሞራ ፈነዳ ሲባል፣ «አመዱ ሳይደርስ አንሡ!» ብለው የሰፈሩን የተሰጣ በርበሬ ሁሉ አስገቡን። አመዱ አልመጣም። «መንገድ ላይ ነው» አሉ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ደግሞ ሌላ ነገር ሰሙ። በውጭ አገር በድንጋይ ከሰል የሚሠሩ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች፣ ካርቦኑን ከጭሳቸው ለይተው፣ በቧንቧ ገፍተው፣ ከምድር በታች አለት ውስጥ ያከማቹታል አሉ። ይህን ሰንበቴ ላይ ሲያስረዱን የቅኔው መምህር የኔታ ይስማው ጠላቸውን አስቀመጡ።

«ታረቀኝ፣ የተቀበረ እንደሚነሣ ዘነጋኸው?»

ጋሽ ታረቀኝ አልሳቁም። የድንጋይ ከሰል ማመንጫ ባይኖረንም ጎረቤታቸው ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ነበሩልን። አረቄ ያወጣሉ። ጭሱ ዓይናቸውን ስለጎዳው ጤና ጣቢያ «ወይ አረቄውን፣ ወይ ዓይንዎን» ብሏቸዋል። ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት ግን በአረቄው ነው።

ጋሽ ታረቀኝ ቆርቆሮ ጠቅልለው ቧንቧ ሠሩ። ከማንጠግቦሽ ማድ ቤት በአጥር ሥር አሳልፈው፣ ግቢያቸው ውስጥ ካለው አሮጌ የእህል ጉድጓድ ጋር አገናኙት። ጭሱ ቁልቁል አልሄድ ሲላቸው ከቀጥቃጭ ወናፍ ተውሰው ነፉት። ገባ! አጨበጨብን።

ብዙም ሳንቆይ ባለቤታቸው ወይዘሮ ያለምወርቅ እየሳሉ ከመኝታ ቤት ወጡ።

«ኧረ ቤቴ ተቃጠለ!»

ጭሱ ከጉድጓዱ ሾልኮ፣ በወለሉ ስንጥቅ በአልጋው ሥር ወጥቶ ነበር። ያገኘነውን ውኃ ሁሉ ፍራሹ ላይ ደፋን። የኔታ ከአጥር ማዶ፣ «ተነሣ!» አሉ።

ጋሽ ታረቀኝ ግንባራቸው ላይ ያለውን ጥላሸት እየጠረጉ፣ «በዓለምም የሚያከራክረው ይኸው ማፈትለኩ ነው» አሉን።

በማግስቱ ቧንቧውን አቃንተው በማንጠግቦሽ ጣሪያ አወጡት። ማድ ቤቱ ጠራ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማንጠግቦሽ እንባ ሳይጠርጉ እሳት ፊት ተቀምጠው አየኋቸው። «ታረቀኝ፣ ዓይኔን መለስክልኝ» ብለው ሲመርቋቸው ሰውዬው አፈሩ።

«ምኑን? አየር ላይ ለቀቅሁት እኮ!»

ለዚያ ኃጢአታቸው በማንጠግቦሽ አጥር ዙሪያ ጭሱን የሚመጥጥ የዋንዛ ችግኝ ተክለዋል። በቀደም አንድ ከሉማሜ ከተማ የመጣ እንግዳ ታሪኩን ሰምቶ ሲንከተከት ደሜ ፈላ። በጋሽ ታረቀኝ መሳቅ የሰፈራችን ሰው መብት ነው፤ እሱ በምን ሥልጣኑ? ጥዬው ተነሣሁና ባልዲዬን ሞልቼ ወደ ችግኞቹ ሄድሁ። የጋሽ ታረቀኝ ወገብ ዘንድሮ ጎንበስ አያስብላቸውም።