ጋሼ ተስፋዬ ከጎን ሲታዩ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሼ ተስፋዬ አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ ወዳለው ቤታችን መጡ። ክቡር አንባቢ፣ የጎረቤቱን ልጅ ሁሉ ሙያ የሚመርጡ አባት ገጥመውዎት ያውቃሉ? ጋሼ ለሃያ ዓመታት ታክሲ ሲነዱ፣ ግማሹን አውሮራ መክረው ነርስ አድርገዋል።

ልጄ ሜሮን ግን የቪዲዮ ጌም ገጸ ባሕርያትን መሣል መማር ፈለገች። አርአያዋ የገጸ ባሕርያቱን ጫማ ብቻ በመሣል ሥራ ጀምራ፣ ዛሬ ሙሉ ሰው የምትፈጥር ጃፓናዊት ናት። የትምህርቱ ምዝገባ ሰኞ ያበቃል፤ እኔም ገና አልወሰንኩም ነበር።

«ጫማ?» አሉ ጋሼ፣ ይህን ስንነግራቸው። «ለመሆኑ ሥዕል ማንን ያድናል?»

«ጋሼ፣ ጀስት አንድ ደቂቃ ይቁሙልኝ» አለችና፣ እንደ ጃፓናዊቷ አሠራር ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ሣለቻቸው።

ጋሼ ከጎን የተሣሉበትን አንስተው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ጀርባዬ እንዲህ ጎብጧል እንዴ?»

«ሶሪ ጋሼ፤ ያየሁትን ነው የሣልኩት።»

ባለቤታቸው ይህንኑ ለዓመታት ቢነግሯቸው አልሰሙም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ደወሉልኝ። «ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ወስኛለሁ፤ ሥዕሉንም አሳየዋለሁ። አንቺም ልጅቷን ሥዕል አስመዝግቢያት።»

ስልኩን ሳልዘጋ በኢንተርኔት አስመዘገብኳት።