የካፒቴኑ ለቅሶ በሲቀላ

ሰው ለማያውቀው ሰው ያለቅሳል? ያለቅሳል እንጂ! እናንተም አልቅሳችኋል፤ አትካዱ። መንገድ ላይ ድንኳን አይታችሁ፣ ጎረቤት እንዳይታዘበኝ ብላችሁ ገብታችሁ፣ አንገታችሁን ደፍታችሁ፣ ንፍሮውን ዘግናችሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው አጠገባችሁ ወዳለው ሰው ጠጋ ብላችሁ «ለመሆኑ የሞተው ማነው?» የምትሉት። በዚህ አላማችሁም። እኔ የባሰውን አድርጌአለሁ። ባሕር ማዶ ለሚኖር፣ መፈጠሬን ለማያውቅ፣ ስሙን እንኳ በቅጡ መጥራት ለማልችል የቴሌቪዥን ተዋናይ ድንኳን አስተክያለሁ። ብቻዬንም አልነበርኩም፤ ግማሽ ሲቀላ አብሮኝ አልቅሷል።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ሰሞን ነው። ሲቀላ፣ የከተማችን ታችኛው ሰፈር፣ ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። የቆርቆሮ ግድግዳ፣ የእንጨት አግዳሚ፣ ጥቁር መጋረጃ፣ ውስጡ ደግሞ ሰው የሚቀቅል ሙቀት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ተከታታይ ፊልም ይታያል፤ መንገድ ጠፍቶባት ከኮከብ ኮከብ ስለምትንከራተት የጠፈር መርከብና ስለ ካፒቴኗ። ካፒቴኑ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ብርማ ልብስ የለበሰ፣ አገሩ መግባት ያቃተው ሰው ነው። እንዴት እንደምንወደው! የአባያ ሐይቅ አሣ አጥማጆች ጀልባቸውን አስረው፣ ባለባጃጆች ተሳፋሪ እየመለሱ ይመጣሉ። እኔም ላይኛው ሰፈር ሴቻ ካለው መሥሪያ ቤቴ በሚኒባስ ወርጄ አንድም ቅዳሜ አላመለጠኝም።

እንግሊዝኛውን የሚያስተረጉምልን ጋሽ ጦና ነበር። ጋሽ ጦና እሁድ እሁድ ከሰባኪው ጎን ቆሞ ስብከቱን ከአማርኛ ወደ ጋሞኛ የሚመልስ ሰው ነው፤ ሰባኪው እጁን ሲያነሳ ያነሳል፣ ሰባኪው እንባ ሲተናነቀው እሱንም ይተናነቀዋል። ቅዳሜ ደግሞ የፊልሙን ድምፅ ጭራሽ ያጠፋና ማይኩን ይዞ ካፒቴኑን ይሆናል። እንግሊዝኛ ይችላል ወይ? ተዉት። ካፒቴኑ ምን እንዳለ እግዚአብሔር ይወቀው፤ እኛ የምናውቀው ጋሽ ጦና ያለውን ነው። መርከቧ ስትንቀጠቀጥ፣ መብራቷ ሲጠፋ፣ ያ ወፍራም፣ ዝግ ያለ ድምፅ ይመጣል፦ «ልጆቼ፣ ተረጋጉ። ሰማዩ ሰፊ ነው።» አቤት! ትረጋጋለህ። ባለቤቴ ምጥ ላይ እያለች የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሜ ለራሴ የምለው ይህንኑ ነበር።

ፊልሙ ሲያልቅ ጋሽ ጦና የማይኩን ገመድ ጠቅልሎ፣ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ተሰናብቶን ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዝምተኛ ሰው ነው። ያለ ማይክ ሲናገር የሰማሁበትን ቀን ላስታውስ ብል አላስታውስም። ይህቺን ያዙልኝ።

አንድ ሐሙስ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኢንተርኔቱ እየተንፏቀቀ አንድ ገጽ ከፈተልኝ። የካፒቴኑ ፎቶ፣ ከሥሩ ሁለት ዓመተ ምሕረት። ፎቶ ከሁለት ዓመተ ምሕረት ጋር ሲታይ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም። ሥራዬን ጥዬ ወደ ሲቀላ ወረድኩ።

መርዶ ደግሞ እንዲሁ ዘው ተብሎ አይነገርም። ንጋት ላይ፣ ሰብሰብ ብሎ፣ ለቅርብ ዘመድ ነው የሚረዳው። የካፒቴኑ ቅርብ ዘመድ ማነው? ተመካከርን፤ ከጋሽ ጦና የሚቀርብ አጣን። ስለዚህ ዓርብ ጎህ ሲቀድ አምስት ሆነን፣ ጋቢያችንን ተከናንበን በሩን አንኳኳን። ሚስቱ እትዬ አስቴር ከፍታ ስታየን ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«ወንድሜ ነው አይደል? ንገሩኝ!»

«ኧረ አይደለም፤ ካፒቴኑ ነው» አልኳት።

የእብድ ቤት መንገድ እንደጠፋበት ሰው አየችን። ጋሽ ጦና ግን ከጓዳ ወጣ፣ ሰማን፣ ደጃፉ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ድምፅ አላወጣም፤ እንባው ብቻ ይወርዳል።

ድንኳኑን ቅዳሜ ቪዲዮ ቤቱ ግቢ ውስጥ ተከልን። የእድሩ ዳኛ «ሟቹ የማን ዘመድ ነው?» ብለው ትንሽ አንገራገሩ፤ «የጋሽ ጦና» ስንላቸው አግዳሚውን ሰጡን። የካፒቴኑን ፎቶ ከሲዲው ሽፋን አስነስተን፣ ጥቁር ሪባን አስረንበት ከፊት አቆምነው። ፊልሙ የሚጀመርበት ሰዓት ሲደርስ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞላና ጸጥ አለ። ያኔ አንድ ሰው ተነሥቶ «ጋሽ ጦና፣ ካፒቴኑ በአንተ አፍ ይሰናበተን» አለ። አንድ ሰው የምለው እኔን ነው።

«አይሆንም!» አለች እትዬ አስቴር። «የሞተ ሰው አታናግሩብኝ! ነገ ይሄ ሰው በምን ሊናገር ነው?»

ሐዘን ነው የሚያናግራት አልን። ጋሽ ጦናም እምቢ እያለ በእጁ ቢከላከልም ማይኩን ያስጨበጥኩት እኔ ነኝ።

«ልጆቼ፣ ተረጋጉ» አለ ያ ድምፅ። «እኔ ደርሻለሁ።»

ኡኡታው ቀለጠ። በዚያው መሐል መብራት ሄደ። ማይኩ ሞተ፤ ድምፁ ግን አልቆመም። ያው ውፍረቱ፣ ያው እርጋታው፦ «እዚህ መሽቶ አያውቅም። ነግቶም አያውቅም። ሁላችሁንም አያችኋለሁ።» ለቅሶው ቀጥ አለ። ከፎቶው የሚወጣ መሰለን። የአባያን አዞ በመቅዘፊያ የሚያባርር አሣ አጥማጅ ቀድሞን ወጣ። እትዬ አስቴር «ጦና! በቃህ!» ብላ ጮኸች። እሱም ዞር ብሎ «እሺ አስቴር፣ መጣሁ» አላት፤ በካፒቴኑ ድምፅ። ከዚያ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ማን እንደቀረ እኔ አላየሁም፤ እየሮጥኩ ነበር።

ወሬው ከተማውን አዳረሰ፤ የሟቹ ድምፅ ጋሽ ጦና ላይ ቀረ ተባለ። ገበያ ወጥቶ ሙዝ ሲጠይቅ ሻጯ አማተበችበት። እሁድ ሲያስተረጉም ለቅሶው ላይ የነበሩት ከፊት ወንበር እየተነሡ ወደ ኋላ ሄዱ። እኔ ራሴ ከሩቅ ካየሁት መንገድ እቀይራለሁ። ያን ድምፅ ለመስማት ስንጋፋ የነበርን ሰዎች! ቀስ በቀስ መናገር ተወ። የሚገዛውን በጣቱ እያሳየ፣ ሰላምታውን በአንገቱ እየሰጠ ዓመታት አለፉ። ቪዲዮ ቤቱም ተዘግቶ ሞባይል ጥገና ሆነ።

በቅርቡ ልጄ ያንኑ ፊልም ስልኳ ላይ አግኝታ ከፈተችልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የካፒቴኑን የራሱን ድምፅ ሰማሁ። ቀጭን፣ ጥድፍ ጥድፍ የሚል፣ በአፍንጫው የሚወጣ። «ይሄ ማነው?» አልኩ። ከዚያ ደስታ ያዘኝ። ስልኩን ነጥቄ ወደ ጋሽ ጦና ቤት ሄድኩ፤ የተሸከምከው ድምፅ የሟቹ አይደለም፣ ተገላግለሃል ልለው።

ከፈትኩለት። አዳመጠ። ከስንት ዓመት በኋላ ከት ብሎ ሳቀና «ለዚህ ነው እንዴ ያለቀስነው?» አለ። በዚያው፣ በወፍራሙ ድምፅ።

«የድሮ ድምፁ አልተመለሰም ማለት ነው?» አልኳት እትዬ አስቴርን ቀስ ብዬ።

«የቱ የድሮ ድምፅ?» አለችኝ። «ሳገባውም ይሄው ነበር። ሌላ ድምፅ ኖሮት አያውቅም። የራሱን ድምፅ ነው አልቅሳችሁ የቀበራችሁበት።»

ይቅርታ ጠየቅኩ። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ያዘኝ። ቀትር ላይ ነው፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። ትከሻዬ ላይ እጁን ጣል አድርጎ «ተረጋጋ» አለኝ።

እውነቱን አውቄአለሁ፣ ይቅርታም ጠይቄ ነው የወጣሁት። ግን ፀጉሬ ቆመ። የመጀመሪያውን ባጃጅ አስቁሜ፣ ወዴት እንደሚሄድ እንኳ ሳልጠይቅ ገባሁበት።