ወደ ሰማይ ጉዞ ከመምህር ፍሬው ጋር

ደብረ ብርሃን ውስጥ ፊቱን ሳይሸፍን የሚሄድ ሰው ካያችሁ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ጤና የለውም። ብርዱን ታውቁታላችሁ። የማታውቁት ካላችሁ እሰየው፣ ይቅርባችሁ። እኛ ከዐይናችን በታች ያለውን ሁሉ በጋቢ ጠቅልለን ነው ሰላም የምንባባለው። ሰውን የምንለየው በአካሄዱ ነው። አንዳንዴ አካሄዱ ከጎረቤቴ ጋር የሚመሳሰል ሰው ያጋጥመኝና ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቶቹ ጠይቄው አልፋለሁ። እሱም መልሶ ይጠይቀኛል። ኋላ ስናስበው አንተዋወቅም። ምን ይደረግ፣ ሁለታችንም በርዶናል።

እኔ ግን የምተዳደረው በሰው ፊት ነው። ለልመና አይደለም፣ ለኅትመት። ጠባሴ ሰፈር ውስጥ ባነር አትማለሁ። ድሮ የሙሽራ ፊት ነበር የማትመው፤ የሙሽራ፣ የተመራቂ፣ ክርስትና የተነሣ ሕፃን። አሁን አሁን በብዛት የማትመው የሟች ፊት ነው፤ ያውም የወጣት። ምክንያቱን እኔን አትጠይቁኝ። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሁላችንም ጋቢያችንን ሳብ አድርገን እናልፋለን።

ለሟች ፎቶ ደግሞ ጀርባ ያስፈልገዋል። ባዶ ግድግዳ ላይ ቆሞ ወደ ሰማይ ቤት የሚሄድ የለም። ድሮ ነጭ ደመና፣ ሁለት እርግብና ወደ ላይ የሚወጣ ደረጃ ነበረኝ። በዚያ ደረጃ ያላስወጣሁት ሰው የለም። ሰዉም ሰለቸው፣ እኔም ሰለቸኝ። አንድ ቀን ኢንተርኔት ላይ ስጎረጉር ህዋ ላይ የተሰቀለ ትልቅ ቴሌስኮፕ ያነሣቸውን ፎቶዎች አገኘሁ። ኔቡላ ይሉታል፤ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው አሉ፣ ከዋክብት የሚወለዱበት። ወርቅማው፣ ሐምራዊው፣ ሰማያዊው! ጋላክሲዎቹማ በጥቁር ጨርቅ ላይ ጤፍ የተበተነ ይመስላሉ። ያን ቀን እርግቦቹን ከነደረጃቸው አጠፋኋቸው።

ገበያው ደራ። ደንበኛው «ይሄ የት ነው?» ሲለኝ «ሰማይ ነው» እለዋለሁ። ዋሸሁ? አልዋሸሁም። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ቀዩን ሳሳያት ተቆጣችኝ። ቀይማ ሲኦል ይመስላል፣ ሰውዬው ይጠጣ ነበር እንጂ ክፉ አልነበረም አለች። ሰማያዊውን ወሰደች። አንድ አባት ደግሞ ሁሉንም ካገላበጠ በኋላ ሰፊውን ስጠኝ አለኝ። ልጁ ጠባብ ቤት ውስጥ ከወንድሞቹ ጋር ተጨናንቆ ነው ያደገው፤ አሁን እንኳ ሰፋ ያለ ቦታ ይኑረው አለ። ጋላክሲ የበዛበትን ሰጠሁት። ሲሄድ ሻይ ልጠጣ ወጣሁና ሻዩን ሳልጠጣ ተመለስኩ።

መምህር ፍሬው የመጣው በዚህ መሃል ነው። ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተምራል። አገሩ ጎጃም ነው፣ ወደ እኛ ከተማ ከመጣ ብዙም አልቆየ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትሑት ሰው። ቅዳሜ ስለ ቴሌስኮፑ ፎቶዎች ለከተማው ሰው ንግግር ላደርግ ነውና ማስታወቂያ አትምልኝ አለኝ። ርዕሱ «ወደ ሰማይ ጉዞ ከመምህር ፍሬው ጋር» ነው። እንግዲህ ፍረዱኝ። ጀርባው ኔቡላ ይሁን ያለው እሱ ነው። ሱፍ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ የተነሣውን ጉርድ ፎቶ ያመጣው እሱ ነው። ጥግ ላይ ሻማ ጨምርበት፣ የዕውቀት ምልክት ነው ያለውም ራሱ ነው! እኔ የጨመርኩት ዙሪያውን ጥቁር መስመር ብቻ ነው። እሱንም እጄ ስለለመደ።

ባነሩ እሱ በተከራየበት ሰፈር፣ አስፋልቱ ዳር ተሰቀለ። አከራዩ እትዬ ደብሪቱ ናቸው። የእኔም ጎረቤት ናቸው፤ ላስተዋውቃችሁ።

አገራቸው አንኮበር ነው፣ ከጎረቤላ ከተማ ወረድ ብሎ። የበግ ሱፍ እየፈተሉ ለባና ሠሪ፣ ለዚያ ለሱፍ ብርድ ልብሱ፣ ያቀርባሉ። አንድ ልጅ ነበራቸው። ነበራቸው ስል እንዳይሰሙኝ፤ አላቸው በሉ። ሽመልስ ይባላል። አንድ ቀን ደብረ ሲና ወርዶ ጭነት መኪና ላይ ወጣና በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ መንገድ ጀመረ። ባሕሩ ዳር ደርሰናል፣ ዛሬ እንሻገራለን ብሎ ደወለ። ያ የመጨረሻ ድምፁ ነው። ጀልባዋ ተገልብጣለች የሚል አለ። የለም፣ ተሻግረው እስር ቤት ናቸው የሚል አለ። አየሁ የሚል ግን አንድ ሰው የለም።

አየሁ ባይ ከሌለ መርዶ አይነገርም። መርዶ ካልተነገረ ጡሩምባ አይነፋም፣ ድንኳን አይተከልም፣ ፍታት የለም፣ ተዝካር የለም። ቁርጥ ያጠግባል ይላል ያገሬ ሰው። እትዬ ደብሪቱ ቁርጡን አጥተው ለዓመታት የተራቡ ሰው ናቸው። ስለዚህ የሰው ለቅሶ አያመልጣቸውም። የማያውቁት ሰው ሞቶ ከባለቤቱ በላይ ያለቅሳሉ። የማንን እንባ እንደሚያፈሱ ሰፈሩ ያውቃል፣ ዝም ይላል። ወደ አንኮበር ለሱፍ ሲሄዱ ደግሞ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆመው ቁልቁል፣ ልጃቸው የሄደበትን ቆላ ያያሉ። ከዚያ ጫፍ አገር ሁሉ ይታያል፤ ሽመልስ ግን አይታይም። ክፍሉን ለመምህር ፍሬው ሲያከራዩት እንኳ ልጄ እስኪመጣ ድረስ ነው፣ ሲመጣ ትለቅለታለህ ብለው ነው።

እና ያን ዕለት ከገበያ ሲመለሱ ባነሩን አዩ። ፎቶው፣ ሰማዩ፣ ሻማው፣ ጥቁሩ መስመር። «ወደ ሰማይ ጉዞ»። ታች ቀኑም አዳራሹም ተጽፏል። ግን እንባ የሞላው ዐይን ትንሽ ፊደል ያነባል? ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል፤ እኛ ሰፈር የሚጨመረው ጩኸት ነው። ጡሩምባ ተነፋ። እድሩ ድንኳኑን አወጣ፣ ንፍሮ ተጣደ። ዘመድ የሌለው የሰው አገር ልጅ ነው ተብሎ ሕዝቡ ከወትሮው በላይ ጎረፈ። እኔም ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። አዎ፣ ባነሩን ያተምኩት እኔ ነኝ። ግን ጡሩምባ ከተነፋ ማን ያስባል? እንዲያውም ከሞተ በኋላ ያተምኩለት መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ረጅም ሰው እስከ ዐይኑ በጋቢ ተጠቅልሎ ከባጃጅ ወረደ። ድንኳኑን ሲያይ ደነገጠ። ቀስ ብሎ ገባና አግዳሚው ላይ ከአጠገቤ ተቀመጠ። ማን ሞቶ ነው አለኝ። ያ የዩኒቨርሲቲው መምህር አልኩት። ወይኔ፣ የትኛው አለ። ፊዚክስ የሚያስተምረው፣ እዚሁ ግቢ የሚኖረው አልኩት። ድንኳኑን ዞር ዞር ብሎ አየ። ምን ሆኖ ሞተ አለኝ በመጨረሻ። ብርድ ነው ይላሉ አልኩት።

«እኔ ነኝ እኮ» አለኝ።

ጋቢውን ዝቅ ሲያደርግ እትዬ ደብሪቱ ከማዶ አዩት። ሰው እየረገጡ መጡ። ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው «መጣህ? መጣህ?» አሉት። ስሙን አልጠሩም። ይህን ያስተዋልኩት በኋላ ነው። ያን ሰዓት ሁላችንም ሳቅ ላይ ነበርን። የእድሩ ዳኛ ሞተ የተባለ ሰው ዕድሜው ይረዝማል ብለው መረቁት። መምህሩም ከራሱ ለቅሶ ንፍሮ ዘግኖ በላና፣ ካለቀሳችሁልኝ አይቀር ቅዳሜ ኑና ስሙኝ አለን።

ሄድን። ንግግሩ ሊጀመር ሲል መብራት ጠፋ። ከተማችን ስሟን ያገኘችው ብርሃን ከሰማይ ወርዶላት ነው ይባላል። ከዚያ ወዲህ መመላለሱን አላቆመም። ጄኔሬተር ተነሣና ፎቶዎቹ ግድግዳው ላይ በሩ። ቴሌስኮፑ የሚይዘው ብርሃን በሰው ዐይን አይታይም፣ ቀለሙን የሚሰጡት ባለሙያዎች ናቸው አለ መምህሩ። ለካ እነሱም እንደ እኔ ቁጭ ብለው ቀለም ይቀባሉ! ኮራሁ። ከዚያ ደግሞ ብርሃኑ እዚህ እስኪደርስ ብዙ ዘመን ይፈጃል፣ ይሄ የምታዩት ኮከብ ዛሬ ላይኖር ይችላል አለ። ዘወር ብዬ እትዬ ደብሪቱን አየሁ። ነጠላቸውን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል።

ጥያቄ ካለ ሲባል ተነሡ።

«ልጄ፣ ይሄ መነጽራችሁ ያን ሁሉ ሩቅ ካየ፣ ወደ ታች አይዞርም?»

ተማሪዎቹ ሳቁ። መምህር ፍሬው አልሳቀም። በተከራየው ክፍል ውስጥ የማን ፎቶ እንደ ተሰቀለ ያውቃላ። አይዞርም እትዬ አላቸው። ፀሐይንም ምድርንም ከጀርባው አድርጎ ነው የሚሠራው። መሃል ላይ ድንኳን የሚያህል ጥላ ዘርግቷል። ወደ እኛ ልዙር ካለ ሙቀቱና ብርሃኑ ያበላሸዋል፣ ዐይኑ ይጠፋል። ስለዚህ ዕድሜ ልኩን ጀርባውን እንደ ሰጠን ነው አለ።

እትዬ ደብሪቱ ትንሽ አሰቡ።

«እንግዲያው እሱም እንደ ሌላው ነዋ» አሉና ተቀመጡ።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አልኩ በሆዴ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን ተስፋ ቆረጥኩ። የሰው ልጅ ከዋክብት የሚወለዱበትን ጓዳ አይቷል። አንዲት ጀልባ ግን ተሻግራ እንደ ሆነ፣ ሰምጣ እንደ ሆነ ለአንዲት እናት የሚነግራት የለም። እንዳይታይ ሆኖ አይደለም። ማንም ስላልዞረ ነው። ያን ሁሉ ኔቡላ ከኮምፒውተሬ አጥፍቼ ወደ እርግቦቼ ልመለስ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ደብሪቱ ሱቄ መጡ። ከጉያቸው ፎቶ አወጡ። ሽመልስ ነው፤ ጥምቀት ላይ የተነሣው፣ ጥርሱን እንደ ከፈተ።

«ተክሌ፣ እንደ መምህሩ አድርገህ ሥራልኝ።»

በእግዚአብሔር፣ ደስ አለኝ! እፎይ አልኩ፤ ቆርጠዋል፣ ሊያለቅሱለት ነው፣ ሊያርፉ ነው። ድምፄን አለስልሼ መቼ ዐረፈ ብዬ ልጻፍ አልኳቸው።

«አፍህን ዝጋ!» አሉኝ። «ማን ሞተ አለህ?»

«ታዲያ እትዬ...»

«መምህሩን ሰማይ ላይ ለጠፍከው። ሞተ ተባለ። ተለቀሰለት። ከዚያ በእግሩ መጣ። እኔ በዐይኔ አይቻለሁ፤ አንተም አይተሃል። የኔንም ልጅ እንደዚያ አድርገው ነው የምልህ።»

ምን ትላላችሁ? ሳይንስ ልናገር? እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። ምን ተብሎ ይጻፍ አልኳቸው። እንደዚያው አሉኝ። ሻማውም ይኑር፣ ጥቁሩም ይኑር፣ አንድ ነገር እንዳታጎድል። ታች ያለውን ትንሽ ጽሑፍም? ታች ያለውንም። አዳራሹንም? አዳራሹንም። «ወደ ሰማይ ጉዞ ከሽመልስ ጋር» ብዬ አተምኩ።

የእድሩ ዳኛ መርዶ ሳይመጣ ጡሩምባ አይነፋም ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ባነሩን በሩ ላይ ሲያዩ ምንም ሳይጠይቁ አስነፉ። ድንኳኑ ተተከለ። ሰዉ ምን ያህል ዓመት የሽመልስን እንባ አፍኖ እንደ ኖረ ያን ቀን አየሁ። ትልልቁ ሰው ሁሉ እንደ ሕፃን አነባ። እኔም አለቀስኩ፤ አብረን ኳስ የተራገጥን ልጅ ነው። ያላለቀሱት እትዬ ደብሪቱ ብቻ ናቸው። የሰው ለቅሶ ላይ ወንዝ የሚያወርዱት ሴትዮ በልጃቸው ድንኳን ዐይናቸው ደርቆ፣ ንፍሮውን እያዞሩ አንድ በአንድ «ተሳስታችኋል» ይሉናል። «ብሉ። ተሳስታችኋል።» ዐይናቸው ግን በሩ ላይ ነው። አትሳቁብኝና እኔም ሰርቄ ወደ በሩ አይ ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ እንደዚያ ቀን ተሳስቼ መገኘት ተመኝቼ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ረጅም ሰው እስከ ዐይኑ በጋቢ ተጠቅልሎ ከባጃጅ ወረደ።

እትዬ ደብሪቱ የያዙትን ሳህን ለቀቁት፤ ንፍሮው ተበተነ። ሮጡ። በዚያ ዕድሜያቸው ሮጡ። ጋቢውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ታች ሳቡት።

መምህር ፍሬው ነው። ለሥራ አዲስ አበባ ደርሶ መምጣቱ ነው። ባነሩን አስፋልቱ ላይ ሆኖ አይቶ፣ ሊያለቅስ የመጣ ነው። ዐይኑ ቀልቷል።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ» አላቸው።

እትዬ ደብሪቱ አዩት፣ አዩት። ከዚያ ጋቢውን ቀስ አድርገው መልሰው ፊቱን ሸፈኑት።

«አንተማ አንዴ መጥተሃል» አሉት። «ዛሬ የሱ ተራ ነበር።»