ሳይራገፍ አይገዛም

ሳያነቡ መስማማት የዘመናችን ጨዋነት ሆኗል። ስልካችሁ «ተስማምተዋል?» ሲላችሁ «አዎ» ትላላችሁ፤ በምን እንደተስማማችሁ ብትጠየቁ ግን ከጠያቂው እኩል ትደነግጣላችሁ። እኔ መራራ አሮጊት ነኝና አነባለሁ። አርባ ዓመት በሰው አገር ኖሬ ያተረፍኩት ጥቃቅን ፊደል መጠርጠር ነው።

ወደ አገሬ ስመለስ ይዣት የመጣኋትን የቤት ካሜራ ውልም ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። በየወሩ እየተከፈላት እንደምታይ፣ እንደምትሰማ፣ የሰማችውንም ማዶ ላሉ ጌቶቿ እንደምትልክ ተጽፏል። አንብቤ ተስማማሁ። መማር እንዲህ ነው።

ተክለ ሃይማኖት ሰፈር፣ በታናሽ እህቴ በጽጌ ሳሎን ውስጥ ሰቀልኳት፤ ሌባ እንድትጠብቅ። ሌባ አልመጣም። ጽጌ ስትወጣ ግን ብቻዬን አጉረመርማለሁ፦ ወጧ ጨው የለው፣ ወሬዋ ማብቂያ የለው። አልጋዋን ለቃ የተቀበለችኝን ሴት! ያነበብኩት የገባኝ ክፍያውን ሳቋርጥ ነው። «ትዝታዎችዎ በክብር ተቀምጠውልዎታል፤ ለማየትም ሆነ ለማጥፋት መጀመሪያ ወርሃዊ ክፍያዎን ይቀጥሉ» የሚል መልእክት ደረሰኝ።

ነቅዬ፣ በፌስታል ጠቅልዬ፣ ምናለሽ ተራ አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ኸይሩ ዘንድ ወሰድኳት። ከፊቴ አንዲት ሴት ኮመዲኖ ትሸጣለች። ኸይሩ እያንዳንዱን መሳቢያ ስቦ፣ ገልብጦ፣ እያየችው ያራግፋል። አንድ የጆሮ ጌጥና የልጅ ክትባት ካርድ ወደቁ። ሳይራገፍ አይገዛም፤ ነገ «ወርቄ ነበረበት» የሚል አይጠፋም።

ተራዬ ደረሰ።

«እትዬ፣ ይቺስ ተራግፋለች?»

«ካሜራ ደግሞ ምን መሳቢያ አላት?»

«ኧረ አላት!» ብሎ ጎኗን በመርፌ ሲነካት፣ የሰማችውን የምታስቀምጥባት፣ ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ዱብ አለች። ውሉን ሁሉ ያነበብኩት እኔ መኖሯን አላውቅም ነበር። ኸይሩ ጽጌን ያውቃታል።

«ልትሰማው ነው?»

«የሰው መሳቢያ አላነብም እትዬ። የራሴ ቤት ጣጣ መች አነሰኝ!» ሚሞሪዋን መዳፌ ላይ አስቀምጦ ጣቶቼን አጠፈልኝ። «ማዶ ያለውን እኔ አልደርስበትም። እዚህ ያለው ግን ይኸው።»

እንዲህ ያለ አንቀጽ በየትኛውም ውል አላነበብኩም። ልስመው ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ ደብተሩን አወጣ። «ስም ከነአያት? የቤት ቁጥር? ስልክ? የሚያውቅዎት ሰው?» የተሰረቀ ዕቃ እንዳይሆን ነው። በየቅጹ ላይ የልደት ቀኔን ሳይቀር አዛብቼ የምሞላ ሴት፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አስጻፍኩት። ለምስክርነትም የጽጌን ስም ሰጠሁ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ደወለላት።

«እህቴ ናት፤ ዕቃውም የራሷ ነው» አለች ጽጌ። ከዚያ ሳቋን ለቀቀችው። «ደህና ዋጋ ስጣትና፣ ስትመለስ ጨው ገዝታ ትምጣ በላት! ወጤ ጨው የለውም እያለች ከግድግዳ ጋር ስታወራ ከርማለች!»

አንድ ኪሎ ጨው ገዛሁ። ሚሞሪዋን ለወጉ ያህል ሰባብሬ ጣልኳት። ዋናው ቅጂ ለካ ጽጌ ዘንድ ነበር፤ በክብር ተቀምጦ፣ ያለ ወርሃዊ ክፍያ። እኔም እሷው ዘንድ እንደዚያው ተቀምጫለሁ።